የፕሮሰሰር ቤንችማርክ

የፕሮሰሰር ቤንችማርክ የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮችን ፍጥነትና ብቃት ለማወዳደር በተመሳሳይ ሁኔታ እንዲሠራ የሚደረግ መለኪያ ፕሮግራም ወይም የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩን ትእዛዞች የሚፈጽም ዋና ክፍል ሲሆን፣ ቤንችማርኩ አንድን ሥራ ለመጨረስ የፈጀበትን ጊዜ ወይም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያከናወነውን የሥራ መጠን በቁጥር ይገልጻል። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው መለኪያው ከታሰበው ሥራ ጋር ሲመሳሰል፣ የሚወዳደሩት ኮምፒውተሮች በእኩል ሁኔታ ሲፈተኑና የአሠራሩ ዝርዝር ለሌሎች ግልጽ ሲሆን ብቻ ነው።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ለትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተር የሚገዛ ኮሚቴ፣ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት፣ ወይም ያጠራቀመውን ብር ይዞ መርካቶ የሚወርድ ተማሪ በተሳሳተ መለኪያ ቢመራ ገንዘቡን ለማይጠቅመው ፍጥነት ይከፍላል፤ አለዚያም የሚያስፈልገውን ትቶ ይመለሳል።

== ስያሜ ==

ቤንችማርክ የሚለው ቃል የመጣው ከመሬት ቀያሾች ሙያ ነው። ቀያሾች የቦታዎችን ከፍታ ለመለካት በድንጋይ ወይም በግድግዳ ላይ ቋሚ ምልክት ይቀርጹ ነበር፤ ሌሎች ቦታዎች ሁሉ የሚለኩት ከዚያ ምልክት በመነሣት ነው። በኮምፒውተር ሙያም ትርጉሙ ከዚህ አልራቀም። የአንድ የታወቀ ኮምፒውተር ውጤት እንደ መነሻ ይወሰድና የሌሎቹ ከእርሱ አንጻር ይሰላል።

== የሰዓት ፍጥነት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ==

በሽያጭ ጊዜ ብዙ የሚጠቀሰው ቁጥር በጊጋኸርትዝ የሚገለጸው የሰዓት ፍጥነት ነው። አንድ ጊጋኸርትዝ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን የሰዓት ምት ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ምት የሚያከናውኑት ሥራ እኩል አይደለም። አንድ ፕሮግራም የሚፈጀው ጊዜ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦

* ፕሮግራሙ በሚፈጽማቸው ትእዛዞች ብዛት፣
* ፕሮሰሰሩ በአማካይ በአንድ ምት በሚጨርሳቸው ትእዛዞች ብዛት፣
* በሰዓት ፍጥነቱ።

ለምሳሌ 12 ቢሊዮን ትእዛዝ ያለው ፕሮግራም ይኑር። አንደኛው ፕሮሰሰር በ3 ጊጋኸርትዝ ይሠራል፤ በአንድ ምትም 2 ትእዛዝ ይጨርሳል። በሴኮንድ 6 ቢሊዮን ትእዛዝ ስለሚፈጽም ሥራው በ2 ሴኮንድ ያልቃል። ሁለተኛው በ4 ጊጋኸርትዝ ይሠራል፤ በአንድ ምት የሚጨርሰው ግን 1.2 ትእዛዝ ነው። በሴኮንድ የሚፈጽመው 4.8 ቢሊዮን ስለሆነ 2.5 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በወረቀት ላይ ቁጥሩ የሚበልጠው ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ዘግይቷል።

ይህ በገበያም ታይቷል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ያወጣው ፔንቲየም 4 የሰዓት ፍጥነቱ ከቀዳሚው ከፔንቲየም 3 ከፍ ያለ ቢሆንም በአንድ ምት የሚሠራው ያነሰ ስለነበር በአንዳንድ ፈተናዎች ተበልጧል። ተፎካካሪው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2001 አትሎን ኤክስፒ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ በሰዓት ፍጥነቱ መጥራቱን ትቶ «1800+» የሚል የሞዴል ቁጥር ሰጠው፤ እውነተኛ ፍጥነቱ 1.53 ጊጋኸርትዝ ነበር።

የሞዴል ስምም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። ኮር አይ7-7500ዩ እና ኮር አይ7-7700ኤችኪው ሁለቱም የኢንቴል ሰባተኛ ትውልድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ ሁለቱም «አይ7» ይባላሉ። የመጀመሪያው ግን 2 ኮር ያለውና ለ15 ዋት የተሠራ ሲሆን ሁለተኛው 4 ኮር ያለውና ለ45 ዋት የተሠራ ነው። «አይ7 ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይናገርም።

== ታሪክ ==

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ኮምፒውተሮች የሚወዳደሩት አንድን የመደመር ወይም የማባዛት ትእዛዝ ለመፈጸም በሚፈጁት ጊዜ ነበር። የኮምፒውተሮች አሠራር እየተለያየ ሲሄድ ይህ በቂ አልሆነም።

ዌትስቶን፦ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ ሃሮልድ ከርናውና ብራያን ዊችማን ዌትስቶን የተባለውን መለኪያ አዘጋጁ። ፕሮግራሙ እውነተኛ ሥራ አይሠራም፤ በጊዜው የነበሩ የሳይንስ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸውን ትእዛዞች በተመሳሳይ ምጣኔ እንዲይዝ ተደርጎ የተቀመመ ነው። በዋናነት የሚፈትነው ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ስሌት ነው።

ሊንፓክ፦ ጃክ ዶንጋራ እ.ኤ.አ. በ1979 በሊንፓክ የሒሳብ ፕሮግራሞች መመሪያ ላይ የተለያዩ ኮምፒውተሮች አንድን የእኩልታዎች ስብስብ ለመፍታት የፈጁትን ጊዜ አሳተመ። ከዚህ ያደገው መለኪያ ከሰኔ 1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ያሉ 500 ኃያላን ኮምፒውተሮችን ደረጃ ለማውጣት ያገለግላል።

ድራይስቶን፦ ራይንሆልድ ቫይከር እ.ኤ.አ. በ1984 ያዘጋጀው ይህ መለኪያ በሙሉ ቁጥሮችና በፊደላት ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ይወክላል። ስሙ በዌትስቶን ላይ የተደረገ የቃላት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ስም በእንግሊዝኛ ከ«እርጥብ»፣ ሌላው ከ«ደረቅ» ጋር ይመሳሰላል። ቫክስ 11/780 የተባለው ኮምፒውተር በሴኮንድ 1,757 ድራይስቶን ያስመዘግብ ስለነበር ይህ ቁጥር እንደ አንድ መለኪያ ተወስዶ የሌሎቹ ውጤት ለእርሱ ይካፈል ነበር።

ስፔክ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 ኮምፒውተር አምራቾች ተሰባስበው ስፔክ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ዓላማው እያንዳንዱ አምራች የሚስማማውን ፈተና መርጦ «ፈጣኑ የእኔ ነው» የሚልበትን ልማድ በጋራ ሕግ መተካት ነበር። የመጀመሪያው ስብስብ በ10 ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ከዚያም በ1992፣ በ1995፣ በ2000፣ በ2006 እና በ2017 ታድሷል። የ2017ቱ ስብስብ 43 ፈተናዎችን በአራት ክፍል ይዟል። በውስጡ ካሉት መካከል የኮምፒውተር ቋንቋ ተርጓሚ፣ ቪዲዮ አጣባቂ፣ ቼዝ ተጫዋችና የአየር ሁኔታ ተንባይ ፕሮግራሞች ይገኛሉ።

== ዓይነቶች ==

ቤንችማርኮች ከእውነተኛ ሥራ ባላቸው ርቀት በአራት ይከፈላሉ።

# የተጠቃሚው የራሱ ሥራ፦ ተጠቃሚው በየቀኑ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ከራሱ ፋይል ጋር ይፈተናል። ከሁሉም የሚታመነው ይህ ነው፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ላያገለግል ይችላል።
# የእውነተኛ ፕሮግራሞች ስብስብ፦ የስፔክ ስብስቦች ከዚህ ወገን ናቸው። ልዩ ልዩ ሥራዎችን ስለሚያካትቱ አንዱ ፈተና ብቻውን ውጤቱን አያዛባም።
# ቁንጽል ፈተና፦ ከትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ክፍል ብቻ ተነጥሎ ይለካል። ሊንፓክ ከዚህ ይመደባል።
# ሰው ሠራሽ ፈተና፦ ለመለኪያነት ብቻ የተጻፈ ነው። ዌትስቶንና ድራይስቶን ምሳሌዎቹ ናቸው።

ፈተናው አጭርና ቀላል በሆነ ቁጥር ለማካሄድ ይመቻል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ለመታለል ይጋለጣል። ድራይስቶን በጣም ትንሽ ስለሆነ በዘመናዊ ፕሮሰሰር ካሽ ማለትም በፈጣኑ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ስለዚህ ከዋናው ማኅደር መረጃ ለማምጣት የሚባክነውን ጊዜ ፈጽሞ አያሳይም። እውነተኛ ፕሮግራሞች ግን ብዙ ጊዜ የሚዘገዩት እዚያ ላይ ነው።

== ፍጥነትና የማስተናገድ አቅም ==

በቤንችማርክ ምርጫ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ የሚፈለገው የአንድ ሥራ ፍጥነት ነው ወይስ የብዙ ሥራዎች መስተንግዶ የሚል ነው። ልዩነቱን በአዲስ አበባ መንገድ መረዳት ይቻላል። በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ የሚወስድ መተላለፊያ ነው። አንድ ሞተር ብስክሌት ድልድዩን ከአውቶቡስ ቀድሞ ይሻገራል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያሻግረው ግን አውቶቡሱ ነው። «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ «ለምን ሥራ?» ተብሎ ካልተሟላ መልስ የለውም።

በፕሮሰሰርም የአንድ ኮር ፍጥነት ከሞተር ብስክሌቱ፣ የብዙ ኮር ድምር አቅም ከአውቶቡሱ ጋር ይመሳሰላል። ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያው ይጠቅመዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ደንበኞችን የሚያስተናግድ የባንክ ሰርቨር ግን ሁለተኛውን ይሻል። የስፔክ ስብስብ ሁለቱን ለይቶ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። በአንደኛው ክፍል የፕሮግራሙ አንድ ቅጂ ብቻ ይሠራል፤ በሌላው ብዙ ቅጂዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ።

የኮር ብዛት መጨመርም ሁልጊዜ ፍጥነትን በዚያው ልክ አይጨምርም። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳመለከተው፣ ከሥራው ውስጥ ሊከፋፈል የማይችለው ክፍል ገደብ ያበጃል። መንገዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ድልድዩ ጠባብ ከሆነ መኪናው ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። ከአንድ ፕሮግራም ውስጥ 75 በመቶው ብቻ ለብዙ ኮር የሚከፋፈል ቢሆን፣ 8 ኮር ያለው ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያፈጥነው 8 ጊዜ ሳይሆን 2.9 ጊዜ ያህል ነው። የኮሩ ብዛት መቶም ሺም ቢደርስ ፍጥነቱ ከ4 እጥፍ አያልፍም።

== የፍትሐዊ ንጽጽር መስፈርቶች ==

ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን የሚከተሉት ነጥቦች ይጠበቃሉ።

* ተወካይነት፦ ፈተናው ኮምፒውተሩ ከሚገዛለት ሥራ ጋር ይመሳሰል። የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር በጨዋታ ምስል ፍጥነት፣ የቪዲዮ አቀናባሪ ኮምፒውተር በጽሑፍ ፕሮግራም ፍጥነት አይመዘንም።
* አንድን ነገር ብቻ መለወጥ፦ ፕሮሰሰሮቹን ለማወዳደር ከተፈለገ ራም፣ የማከማቻ ዲስክ፣ ስርዓተ ክወናና የፕሮግራሙ ቅጂ አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ በኤስኤስዲ፣ ሌላው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከተፈተነ የታየው ልዩነት የዲስኩ ሊሆን ይችላል።
* እኩል የኮምፓይለር ቅንብር፦ የፕሮግራም ጽሑፍን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ኮምፓይለር በፍጥነት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ አለው። ስፔክ ሁለት ዓይነት ውጤት ይመዘግባል፤ አንደኛው ለሁሉም ፕሮግራሞች ወጥ በሆነ ቅንብር፣ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ በተመረጠ ቅንብር የተገኘ ነው። የአንዱን ማሽን አንደኛ ውጤት ከሌላው ሁለተኛ ውጤት ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው።
* ድግግሞሽ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ውጤት አይታመንም። በስፔክ 2017 ሕግ መሠረት ፈተናው ሦስት ጊዜ ተሠርቶ መካከለኛው፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ዘገምተኛው ይወሰዳል።
* በቂ የፈተና ርዝመት፦ ፕሮሰሰሮች ገና ሳይሞቁ ለአጭር ጊዜ ከፍ ባለ ፍጥነት ይሠራሉ፤ ሲሞቁ ይቀንሳሉ። ሲነቤንች የተባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው አር23 ቅጂው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እንዲሠራ የተደረገው ይህን ለማሳየት ነው።
* የኃይል ፍጆታ፦ በባትሪ ለሚሠራ ላፕቶፕም ሆነ ለትልቅ የመረጃ ማዕከል በአንድ ዋት የሚሠራው ሥራ ከፍጥነቱ ባልተናነሰ ያስፈልጋል።
* ግልጽነት፦ ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶ ያንኑ ውጤት እንዲያገኝ ሁሉም ዝርዝር ይጻፋል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም ውጤትን ያዛባሉ። ቶድ ሚትኮቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የፕሮግራሙ ክፍሎች የሚያያዙበት ቅደም ተከተል ወይም የስርዓቱ ቅንብር የሚይዘው ቦታ መጠን ብቻ ሲለወጥ የአንድ ፕሮግራም ፍጥነት የጥናትን መደምደሚያ ለመገልበጥ በሚበቃ መጠን እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። ስለዚህ በሁለት ፕሮሰሰሮች መካከል የታየ የሁለትና የሦስት በመቶ ልዩነት ብዙ ጊዜ እንደ እኩል ሊቆጠር ይችላል።

== ውጤትን በአንድ ቁጥር ማጠቃለል ==

ብዙ ፈተናዎች ሲኖሩ አንባቢው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። አማካዩ የሚወሰድበት መንገድ ግን አሸናፊውን ሊለውጥ ይችላል። የሚከተለው ምሳሌ ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ነው።

* ኮምፒውተር ሀ፦ ጽሑፍ ፍለጋ 10 ሴኮንድ፣ ቪዲዮ ማጠባበቅ 100 ሴኮንድ።
* ኮምፒውተር ለ፦ ጽሑፍ ፍለጋ 20 ሴኮንድ፣ ቪዲዮ ማጠባበቅ 50 ሴኮንድ።

ሀ መነሻ ሆኖ ቢወሰድ የለ ፍጥነት በመጀመሪያው ሥራ 0.5፣ በሁለተኛው 2 ይሆናል። የእነዚህ ተራ አማካይ 1.25 ስለሆነ ለ በ25 በመቶ የሚበልጥ ይመስላል። ለ መነሻ ቢሆን ደግሞ የሀ ፍጥነት 2 እና 0.5 ነው፤ አማካዩ አሁንም 1.25 ስለሆነ ሀ በ25 በመቶ የሚበልጥ ይመስላል። ልኬቱ ሳይለወጥ መነሻውን የመረጠው ሰው አሸናፊውን መረጠ ማለት ነው።

ይህን ችግር ለማስወገድ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ይወሰዳል፤ ቁጥሮቹ ተባዝተው የብዛታቸውን ያህል ሥር ይወጣላቸዋል። እዚህ ላይ የ0.5 እና የ2 ብዜት 1፣ ካሬ ሥሩም 1 ስለሆነ የትኛውም መነሻ ቢሆን ውጤቱ አይለወጥም። ፊሊፕ ፍሌሚንግና ጆን ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1986 ለተመጣጠኑ ቁጥሮች የሚገባው ይህ አማካይ መሆኑን አስረድተዋል፤ ስፔክም የሚጠቀመው በዚሁ ነው።

ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ግን የተጠቃሚውን ጊዜ አይነግርም። ጄምስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1988 እንደተከራከሩት፣ ዞሮ ዞሮ የሚቆጠረው ሥራው ሁሉ የፈጀው ጠቅላላ ጊዜ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ በቀን አንድ ፍለጋና አንድ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ሀ 110፣ ለ 70 ሴኮንድ ይፈጃሉ፤ ለ ይሻለዋል። በአንድ ቪዲዮ 10 ፍለጋ ለሚያደርግ ሰው ግን ሀ 200፣ ለ 250 ሴኮንድ ይፈጃሉ፤ ሀ ይሻለዋል። በአንድ ቪዲዮ 5 ፍለጋ ሲሆን ሁለቱም 150 ሴኮንድ ይፈጃሉ። ስለዚህ ገዢው ከአማካዩ በፊት የራሱን የሥራ ምጣኔ ማወቅ ይኖርበታል።

== ማዛባትና ውዝግቦች ==

አንድ መለኪያ ለሽያጭ ወሳኝ ሲሆን አምራቾች ምርቱን ከማሻሻል ይልቅ መለኪያውን ለማሸነፍ ይፈተናሉ።

በመጀመሪያው የስፔክ ስብስብ ውስጥ ማትሪክስ300 የተባለ ፈተና ነበር። ኮምፓይለር ሠሪዎች የዚህን ፕሮግራም የስሌት ቅደም ተከተል ካሹን በሚገባ እንዲጠቀም አድርገው ሲያስተካክሉ ውጤቱ በብዙ እጥፍ ተተኮሰ፤ የሌሎቹ ፕሮግራሞች ፍጥነት ግን ባለበት ቀረ። ስፔክ በ1992ቱ ስብስብ ፈተናውን አስወጣው።

በስልኮችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4 አንዳንድ ቅጂዎች የታወቁ የመለኪያ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ለይተው በማወቅ ከፍ ባለ ፍጥነት እንደሚሠሩ ገምጋሚዎች ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የስሪዲማርክ ባለቤት የሆነው ዩኤል በተመሳሳይ ምክንያት የተወሰኑ የሁዋዌ ስልኮችን ከደረጃ ሰንጠረዡ ሰርዟል። መለኪያው ስሙ ተለውጦ ሲሞከር ስልኮቹ ያነሰ ውጤት ማስመዝገባቸው ምስጢሩን አወጣው።

በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ስፔክ ራሱ ከ2,600 በላይ የ2017 ስብስብ ውጤቶች ላይ ማስጠንቀቂያ አኖረ። ምክንያቱ የኢንቴል ኮምፓይለር ከፈተናዎቹ አንዱን አስቀድሞ በማወቅ ለእርሱ ብቻ የሚጠቅም ማሻሻያ ይጠቀም ስለነበር ነው። የድርጅቱ ሕግ ማሻሻያን አይከለክልም፤ የሚጠይቀው ማሻሻያው ከፈተናው ውጭ ላሉ ፕሮግራሞችም የሚጠቅም እንዲሆን ነው።

== በኢትዮጵያ ሁኔታ ==

በውጭ አገር የተዘጋጁ መለኪያዎች በኢትዮጵያ ያለን ተጠቃሚ ሁልጊዜ አይወክሉም። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ፦ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። በኢንተርኔት በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በአማርኛ 5 ፊደል ቢሆንም 15 ባይት ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ 8 ፊደልና 8 ባይት ነው። አንዳንድ የጽሑፍ ፕሮግራሞች ለአንድ ባይት ፊደላት ብቻ የሚያገለግል ፈጣን መንገድ ስላላቸው በእንግሊዝኛ የተለካ ፍጥነት ለአማርኛ ላይሠራ ይችላል። በተጨማሪም «ኃይል»፣ «ሐይል» እና «ሀይል» ተብሎ የተጻፈን ቃል እንደ አንድ የሚቆጥር የፍለጋ ፕሮግራም ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የማምጣት ተጨማሪ ሥራ አለበት። ለአማርኛ ቤተ መጻሕፍት ወይም ጋዜጣ ክምችት የሚገዛ ሰርቨር መፈተን ያለበት በአማርኛ ጽሑፍ ነው።

ከፍታ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፕሮሰሰርን የሚያቀዘቅዘው የማራገቢያው አየር ስለሆነ፣ የሳሳ አየር ሙቀትን የማውጣት አቅሙ ያንሳል። በሌላ በኩል የከተማዋ አየር በአብዛኛው ቀዝቃዛ መሆኑ በከፊል ያካክሳል። ረጅም ጊዜ በሚፈጅ ሥራ ላይ አንድ ላፕቶፕ በዝቅተኛ ቦታ በተሠራ ግምገማ ያስመዘገበውን እዚህ ላይደግም ይችላል። ሙቀቱ በሚያይልባቸው ቆላማ ከተሞች ደግሞ ችግሩ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል።

ያገለገሉ ዕቃዎች፦ አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች እኩል ላይፈጥኑ ይችላሉ። ማራገቢያው በአቧራ የተደፈነ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት የደረቀ፣ ወይም ከሁለት ራም አንዱ የወጣለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ለሞዴሉ የታተመ ውጤት የሚያገለግለው እንደ መነሻ ብቻ ነው፤ የሚገዛው ዕቃ ራሱ ቻርጀር ላይ ተሰክቶም ተነቅሎም ቢፈተን ይመረጣል። ፈተናው ውድ ፕሮግራም አይፈልግም። ገዢው በፍላሽ ይዞት የመጣውን አንድ ትልቅ ፋይል በሁሉም ላይ በተመሳሳይ ፕሮግራም ማጠባበቅና ጊዜውን መመዝገብ ይችላል። ሥራውን ለ10 ደቂቃ ያህል ደጋግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጊዜ ማስተያየት የማቀዝቀዣውን ጤንነት ያሳያል።

በጨረታ ሰነድም «ቢያንስ 3 ጊጋኸርትዝ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ከፍተኛ የሰዓት ፍጥነት ያለው አሮጌ ፕሮሰሰር መስፈርቱን አሟልቶ ሊያልፍ፣ ዝቅ ባለ ፍጥነት የበለጠ የሚሠራው አዲስ ሊወድቅ ይችላል። የመለኪያውን ስምና ቅጂ፣ ዝቅተኛውን ውጤትና የፈተናውን ሁኔታ መጥቀስ ለተጫራቾችም ለገዢውም እኩል ሜዳ ያበጃል።

== ወሰኖች ==

የቤንችማርክ ውጤት ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት እንጂ ስለ ኮምፒውተሩ ጠቅላላ ዋጋ አይናገርም። የቁልፍ ሰሌዳ ጥንካሬ፣ የመለዋወጫ መገኘት፣ የባትሪ ዕድሜና የጥገና ወጪ በቁጥሩ ውስጥ የሉም። በድሮ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ወይም ራም መጨመር አዲስ ፕሮሰሰር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜም አለ።

መለኪያዎችም ያረጃሉ። ፕሮግራሞች ሲተልቁ፣ የማኅደር መጠን ሲጨምርና አዳዲስ ሥራዎች ሲመጡ ትናንት ከባድ የነበረው ፈተና ዛሬ ቀላል ይሆናል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዎች ኤምኤልፐርፍ የተባለ የተለየ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ነባሮቹ ይህን ሥራ ስለማይወክሉ ነው። በመርካቶ ጨርቅ በሜትር፣ ቅመም በኪሎ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ የኮምፒውተር ሥራም የሚስማማው መለኪያ የተለያየ ነው።

== ደግሞ ይዩ ==

* ፕሮሰሰር
* ኮምፓይለር
* የአምዳል ሕግ
* ዩኒኮድ
* የኢትዮጵያ ፊደል